ኬን ዶድ ቀልደኛ ብቻ አልነበሩም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የእንግሊዛዊው ኬን ዶድ ስም በተነሳ ቁጥር የተንጨባረረ ጸጉራቸውና ከእጃቸው የማይለየው ባለ ላባ አቧራ ማራገፊያ ብቻ መወሳታቸው ያሳዝነኛል። የሊቨርፑሉ የከሰል ነጋዴ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1954 በኖቲንግሃም መድረክ በሙያተኛነት ከጀመሩ በኋላ ሕዝብን በሳቅ ሲያፈርሱ ቆይተው፣ በ1965 «ቲርስ» (እንባ) የተሰኘውን ዘፈን ያለ አንዳች ቀልድ በቁም ነገር ተጫውተው በብሪታንያ የዘፈኖች ሽያጭ ሰንጠረዥ አምስት ሳምንት በአንደኝነት ያቆዩ፣ ከሚሊዮን በላይ ቅጂም የሸጡ ድምፃዊ ናቸው። ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን በ1971 በትውልድ ከተማቸው በሼክስፒር ተውኔት ማልቮሊዮን ሆነው መተወናቸው ነው፤ ተመልካችን ማሳቅ የለመደ ሰው፣ የሚሳቅበትንና የሚዋረደውን ኩሩ አሽከር መጫወት ቀላል አይደለም። የትኛው ቀልድ በየትኛው ከተማ እንደሠመረ በማስታወሻ ደብተር እየመዘገቡ የሚያጠኑ ትጉህ ባለሙያ ነበሩና፣ ስለ እርሳቸው ሲጻፍ ዘፋኙና ተዋናዩም ተገቢውን ቦታ እንዲያገኙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ