ስለ ጋሪውና ስለ ብድርሽ

ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ዳር ለምትገኚው ለውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ማሙሽም አድጓል። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቀኑን ሙሉ «ለምን?» ሲለኝ ይውላል።

ማርገዝሽን የሰማሁት ከእናትሽ ነው። ገበያ ተገናኘንና ሽንኩርት እየመረጡ «ያቺ ጓደኛሽም እኮ ለሐምሌ መጨረሻ ናት» አሉኝ። የማውቅ መስሏቸዋል። አላውቅም ማለቱ አሳፍሮኝ «አዎ እማማ፣ ማርያም በሽልም ታውጣት» ብዬ አለፍኩ። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ። ደስታም ነበር፤ ሌላም ነገር ነበር።

ሌላውን ነገር ታውቂዋለሽ። 6,000 ብሩ ነው።

በ2014 ስትልኪልኝ «ለአንድ ወር ብቻ» ብዬሽ ነበር። ወሩ ዓመት ሆነ። ስትደውዪልኝ መጀመሪያ ሰበብ ደረደርኩ፤ ኋላ ስልኩን ማንሳቱንም ተውኩት። አንቺ ስለ ብሩ አንድም ቀን ትንፍሽ አላልሽም። እሱ ነው የባሰብኝ። ከዚያ መንገዱም ኔትወርኩም እንደምታውቂው ሆነና ለዝምታዬ ጥሩ ሰበብ አገኘሁ። ይቅር በይኝ። ግማሹን ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልሽ በወንድምሽ እጅ ልኬዋለሁ። ቀሪው የመሥሪያ ቤታችን እቁብ ሲደርሰኝ ይመጣል።

ብሩ የት እንደገባ ግን ነግሬሽ አላውቅም። ዛሬ ልንገርሽ፤ አንቺም እኔ የገባሁበት እንዳትገቢ።

መጀመሪያ ጋሪው። ስልክ ላይ ፎቶውን አይቼ ከአዲስ አበባ አስመጣሁት። ሰማያዊ ነው፤ ጥላ አለው፤ የጡጦ ማስቀመጫ ሳይቀር አለው። ማሙሽን አስቀምጬ ኩራት በኩራት ሆኜ ከግቢ ወጣሁ። ኮብልስቶኑ ላይ ስንደርስ ልጄ ጥርስ ሳያወጣ መንጋጋው ተንገጫገጨ። ኮብልስቶኑን ካለፍሽ ጭቃ ነው። ጭቃውን ካለፍሽ ዳገት ነው። በማግስቱ እናቴ ምንም ሳትናገር አንቀልባዋን ከሣጥን አውጥታ ልጁን ጀርባዬ ላይ አሰረችልኝ። ከዚያ ወዲህ ጋሪው ውሃ ይቀዳበታል። ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሁለት ይይዛል። ቧንቧ በጠፋ ቁጥር ጎረቤት ሁሉ ይዋሰኛል፤ እንዲያውም ሰፈር ውስጥ የታወቅሁት በጋሪው ነው።

ባሕር ዳር ሜዳ ነው፣ ጋሪ ይነዳበታል ትይኝ ይሆናል። ይነዳል። ግን ባጃጅ ውስጥ ስትገቢስ የት ታደርጊዋለሽ? አንቀልባውን ልኬልሻለሁ፤ ከከረጢቱ ሥር ታገኚዋለሽ።

ቀጥሎ አልጋው። አጥር ያለው፣ ባለ መጋረጃ። ማሙሽ አንድ ሌሊት እንኳ ሙሉውን አልተኛበትም። ሌሊት ለመጥባት ሲነሣ ሩቅ መስሎኝ ወደ እኛ ክፍል አመጣሁት፤ በዚያው ቀረ። አሁን ብርድ ልብስ ይከመርበታል። አልጋ ካማረሽ ሰፈርሽ ያለ አናጢ ተራ ነገር ይሥራልሽ። ዋናው ፍራሹ ነው፤ ጠንከር ያለና ያልጎደጎደ ይሁን። ትራስ አያስፈልገውም። በጀርባው አስተኚው፤ አጠገቡም ለስላሳ ነገር አትከምሪ። እነዚያ በስብስብ የሚሸጡት ባለ አበባ ትራሶችና የአልጋ ዙሪያ ማስጌጫዎች ለፎቶ ናቸው እንጂ ለሕፃን አይደሉም።

ሦስተኛው የዱቄት ወተት ነው። አራት ጣሳ ገዝቼ አስቀመጥኩ። ፍርሃት ነዋ! «ጡቴ እምቢ ቢልስ?» እያልኩ። ስወልድ አንዲት ነርስ አጠገቤ ተቀምጣ አያያዙን አሳየችኝ። አክስቴ እንገሩን አፍስሺው ስትለኝ ነርሷ ተቆጣች፤ ለልጁ የመጀመሪያ ክትባቱ ማለት ነው አለችን። እስከ ስድስት ወር ድረስ ጡት ብቻ፣ ውሃም ሳይቀር አይሰጥም። ቅቤ ማላስ የሚሉትንም ተዪው። ጣሳዎቹ ሳይከፈቱ ጊዜያቸው አለፈ። አራት ጣሳ! ከስድስት ሺህሽ ትልቁን የበላው ምን ይመስልሻል? ጡት አልበቃ ቢል ሐኪም አይቶ የሚያዝልሽ ያኔ ነው፤ ቀድመሽ የምትገዢበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ ፓምፐርስ።

አራስ ልጅ በቀን ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ ይቀየራል። በስምንት እንኳ ብትይዢው በወር 240 ነው። እሱን በሱቅ ዋጋ አባዢው። እኔ ያባዛሁት ከወለድኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ወር ደሞዜ የት እንደገባ ሳላውቅ አለቀ። በሁለተኛው ወር እናቴ ሁለት ያረጁ ነጠላዎቿንና አንድ የአቡጀዲ አንሶላ ቀዳ ሽንት ጨርቅ ሰፋችልኝ። ሃያ አራት ወጣው። ያረጀ ጥጥ ከአዲሱ ይሻላል፤ ለስላሳ ነው፤ ደህና አድርጎም ይመጥጣል። ቀን ቀን ጨርቅ፣ ማታና መንገድ ስንወጣ ፓምፐርስ። ስምንት የነበረው በቀን ወደ ሁለት ወረደልኝ።

አጠባው ያን ያህል አያስፈራም። ሰገራ ያለበትን ቶሎ ብለሽ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂ። ከዚያ በሙቅ ውሃና በልብስ ሳሙና እጠቢው። በረኪና አታብዢ፣ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ያንን ሽቶ ሽቶ የሚል የልብስ ማለስለሻ ጭራሽ አታድርጊበት፤ ጨርቁ መምጠጡን ይተዋል። የቀረውን ፀሐይ ይጨርሰዋል።

ችግሩ አንቺ የምትወልጂው በክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎጃም ውስጥ ፀሐይ ማን አይቶ! ጨርቁ ሦስት ቀን ተሰጥቶ እርጥብ እርጥብ ይላል። ስለዚህ ወይ ሠላሳ አርባ አድርገሽ አሰፊ፣ ወይ ነሐሴን በፓምፐርስ አሳልፈሽ መስከረም ሲጠባ ወደ ጨርቁ ዙሪ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። አራስ ሆነሽ ከደመና ጋር አትታገዪም። ብቻ አደራ፣ በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደሽ ጨርቅ እንዳታደርቂ። ከፍሙ የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፤ ሳያስነቃ ነው የሚገድለው።

ለነሐሴ የምትገዢውን ፓምፐርስ ደግሞ ትንሹን ቁጥር በካርቶን እንዳታግበሰብሺ። ሕፃን በአምስት ወሩ ገደማ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርጋል። ማሙሽ በሦስት ሳምንቱ አንደኛውን ቁጥር ተሰናበተው። የተረፈውን ለጎረቤት ሰጠሁ።

ልብስም እንደዚያው ነው። አራስ ጠያቂ ሁሉ የሚያመጣው የአራስ ልብስ ነው። እኔ አሥራ አንድ ኮፍያ ደረሰኝ። አሥራ አንድ! ልጄ አንድ ጭንቅላት ነው ያለው። «ምን ላምጣልሽ?» ያለሽን ሰው አትሽኮርመሚ፤ «የስድስት ወር ልብስ» በይ። ወይም ሳሙና በይ። ሳሙና ተርፎት የተቸገረ አራስ ቤት አላየሁም። ከሰልቫጅ ተራ መግዛትም አያሳፍርም። የሕፃን ልብስ ሳያረጅ ነው የሚጠበው፤ ስለዚህ እዚያ የምታገኚው አዲስ ማለት ነው። በሙቅ ውሃ አጥበሽ ተኩሺው። አንገቱ ላይ ክር ያለውንና ቁልፉ የላላውን አትውሰጂ። የማርቆስ ልጅ ሹራብ በሹራብ ሆኖ ነው የሚያድገው፤ አንቺ ግን የማርቆስን ብርድ እያሰብሽ ሱፍ እንዳታበዢ።

የአንቺ አገር የሚፈልገው አጎበር ነው። ባሕር ዳር ወባው የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ ልጅሽ ገና ጨቅላ ነው። መድኃኒት የተነከረውን ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጠይቂ። ለልጁ ብቻ አይደለም፤ ከዛሬ ማታ ጀምሮ አንቺም ግቢበት። ዘይትና ፓውደር፣ ጥሩ ሽታ ያለው መጥረጊያ ምናምን ዝለይው። ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ጨርቅና አንድ ቫዝሊን ዓመቱን ያደርሱሻል።

ክትባት በነፃ ነው። መውለዱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ነገር ግን እኔ የወለድኩበት ቦታ ጓንትና መድኃኒት አልቋል ተብሎ ባለቤቴ ሌሊቱን ፋርማሲ ሲዞር አደረ። ለኮንትራት ባጃጅና ለእንዲህ ያለው ነገር ጥሬ ብር በእጃችሁ ይኑር። እቁብ ካለሽ ደግሞ አሁኑኑ ለዳኛው ንገሪ። አራስ የምትሆንን ሴት እጣ ቀይረው ያስቀድሟታል፤ የእኛ መሥሪያ ቤት ሴቶች ሁልጊዜ ያደርጉታል። እኔ ግን አፍሬ ሳልጠይቅ ቀረሁና አንቺን ተበደርኩ።

ስለ ወሊድ ፈቃድ የምነግርሽ ሥራዬ የሰው ኃይል ስለሆነ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ከነደሞዙ ይሰጥሻል። 30ው ሳያልቅ ብትወልጂ 90ው የሚቆጠረው ከወለድሽበት ጀምሮ ነው፤ ከእሱ ላይ ማንም እንዳይቀንስብሽ። ባልሽም የግል ድርጅት ሠራተኛ ስለሆነ ሦስት ቀን ከነደሞዙ አለው። ሦስት ቀን ምን ይሠራለታል አትበይ፤ ጨርቅ ያጥብበት። ሥራ ስትመለሺ ወተትሽን በእጅሽ አልበሽ በንጹሕ ስኒ ማጠጣት ይቻላል። ጡጦም የጡጦ መቀቀያም አያስፈልግም። መጀመሪያ ግማሹ ደረቱ ላይ ይፈስሳል። ይለምዳል።

ቅቤውን ዛሬ ነገ አትበይ፤ የሐዋርያት ጾም ገብቶ ዋጋው ቀዝቀዝ ሲል ግዢ። ሐምሌ 5 ጾሙ ከተፈታ ይወደዳል። አንጥረሽ አስቀምጪው፤ ለገንፎሽ ይደርሳል። ከጮቄ የወረደ የገብስ ዱቄት ልኬልሻለሁ፤ እናቴ ናት ያስፈጨችው። ፍልሰታ ገብቶ አንቺ ገንፎ በቅቤ ስትበዪ ማንም እንዳያሳቅቅሽ። አራስ አትጾምም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ክርስትናው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለማሙሽ ክርስትና ያወጣነው ጋሪውና አልጋው፣ የዓመት ፓምፐርሱም ተደምሮበት አያክለውም። ድንኳን፣ በግ፣ ጠላ፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ ማደሪያ… ልጁ ተኝቶ ነበር፤ ምንም አላየም። አንቺ ደግሞ ወንድ ከሆነ አርባው የሚውለው በዘመን መለወጫና በመስቀል መካከል ነው። በዚያ ሰሞን በግ መግዛት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሴት ከሆነች ሰማንያው ጥቅምት ላይ ይወጣል፤ ትንሽ ትተነፍሳላችሁ። እኔ ብሆን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዳቦ፣ ቆሎና ጠላ አድርጌ በቃ እል ነበር። ግን ይህን ብቻሽን አትወስኚውም። አማትሽን ሠርግሽ ላይ አይቻቸዋለሁ። ከአሁኑ ለባልሽ ንገሪው፤ እሱ ይንገራቸው።

ከረጢቱ ውስጥ ሃያ አራቱ ሽንት ጨርቅ፣ ስምንት ኮፍያ (ሦስቱ ጠፍተዋል)፣ ማሙሽ እስከ ዓመቱ የለበሰው ልብስ በየወሩ ተለይቶ በፌስታል ታስሮ አለ። አንድ ነጭ ሹራብ አለ፤ በኪሮሽ የሠራሁት እኔ ነኝ። አንደኛው እጅ ይረዝማል። በመጀመሪያው ቀን አልብሺልኝ፣ ለፎቶ እጥፍ ይደረጋል።

አንቀልባው የእናቴ ነው። እኔንም ታናናሾቼንም አዝላበታለች። ስትጨርሺ መልሺው፤ ዋናው ምክንያት ግን እንድትመጪ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደሚበላ በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ፤ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት አላስጠብቅሽም።

ጋሪውን ለምን አልላክሽም እንዳትይኝ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውሃ የለም።

ያንቺው፣
የዶርም ጓደኛሽ