ከማሻሻያ በኋላ አልከፈት ስላሉ የትምህርት ቤት ሰነዶች

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ኮምቦልቻ

የተከበራችሁ ወላጆች፣

የግማሽ ዓመቱን የውጤት መግለጫና የቤት ሥራ ወረቀቶች በየክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ከላክን ወዲህ «አይከፈትም»፣ «ባዶ ገጽ ነው»፣ «ፊደሉ ሳጥን ሆነብኝ» የሚል አቤቱታ በብዛት ደርሶናል። አብዛኞቻችሁ ችግሩ የጀመራችሁ ስልካችሁ ወይም ኮምፒውተራችሁ ማሻሻያ ከጫነ በኋላ ነው። ከሁሉ በፊት ልባችሁ ይረፍ፤ የልጆቻችሁ ውጤት አልጠፋም፣ በመዝገብ ቤት በወረቀት ተቀምጧል።

ስለዚህ ስልካችሁን «ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» ለሚል ሰው አትስጡ። አንድ አባት እንዲህ ተብለው በስልካቸው ውስጥ ያለውን ሁሉ ሊያስጠፉ ሲሉ ደርሰንባቸዋል፤ የልጆቻቸው ፎቶግራፍ በሙሉ እዚያው ስልክ ላይ ነበር።

ፋይሉ ጨርሶ የማይከፈት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው በማንበቢያው መተግበሪያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው አንድሮይድ 11 ጀምሮ መተግበሪያዎች በስልኩ ውስጥ የተቀመጡ ፋይሎችን እንደ ልብ መክፈት አይፈቀድላቸውም። በዚህ ምክንያት የቆየ ማንበቢያ ትናንት የከፈተውን ሰነድ ዛሬ ላያገኘው ይችላል። መጀመሪያ ማንበቢያውን ከፕሌይ ስቶር አድሱት። ካልሆነ ወደ ቅንብሮች ገብታችሁ የማንበቢያውን መሸጎጫ (ለጊዜው ያስቀመጠውን መረጃ) አጽዱ፣ ፋይል የማየት ፈቃዱንም ተመልከቱ። ይህም ካልሠራ ሰነዱን በጉግል ድራይቭ ክፈቱት። በኮምፒውተር ደግሞ የኢንተርኔት ማሰሻዎቹ ክሮምም ፋየርፎክስም ፒዲኤፍ፣ ማለትም የላክንላችሁን ዓይነት ሰነድ፣ ያነብባሉ።

የሳጥኑ ጉዳይ ሌላ ነው። አንዲት እናት በር ላይ ባሳዩኝ መግለጫ ቁጥሮቹ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ፤ የልጃቸው ስምና የትምህርቶቹ ስም ግን ከዳር እስከ ዳር ሳጥን ነበር። ፒዲኤፍ ፎንቱን (የፊደሉን ቅርጽ የያዘውን ፋይል) በውስጡ ይዞ ካልመጣ ማንበቢያው ከመሣሪያው ላይ ተተኪ ይፈልጋል፤ ከማሻሻያ በኋላ የሚያገኘው ተተኪ የግዕዝ ፊደል ከሌለው የሚታየው ሳጥን ነው። ይህን እናንተ ማስተካከል አይጠበቅባችሁም። ጽሕፈት ቤቱ ሰነዶቹን ፎንቱን አካትቶ እንደገና አዘጋጅቷል፤ ዛሬ ማታ ይላካሉ። የቀድሞውን ሰርዛችሁ አዲሱን አውርዱ።

አደራ የምላችሁ ነገር አለ። «ምርጥ ማንበቢያ» እየተባለ በቴሌግራም የሚዘዋወር የመጫኛ ፋይል አትጫኑ። ቴሌብርም የባንክ መተግበሪያም ያለው በዚያው ስልክ ላይ ነው።

ወረቀቱ ስላልተከፈተለት የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ነጥብ አይቀነስበትም፤ ለመምህራን ተነግሯል። ስማርት ስልክ ለሌላችሁ የታተመ ቅጂ ከጽሕፈት ቤቱ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ወላጅ የልጁን ውጤት በገዛ ዓይኑ ማየት አለበት ብዬ ስለማምን፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ ለምትሠሩ ቅዳሜም ክፍት እንሆናለን። የአይሲቲ መምህራችን ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ይጠብቋችኋል። ስልካችሁንና ቻርጀሩን ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር