የሐሙስ ፍርሃት፦ የንባብ ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ

መስከረም ላይ ክበባችን ስድስት አባላት ነበሩት። ከስድስቱ ሁለቱ የመጡት ሚኒ ሚዲያ ስለሞላባቸው ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ተጠሪ የሆንኩት የክበብ ድልድል ስብሰባ ላይ አርፍጄ ስለገባሁ ነው። ያልተወሰደው እሱ ብቻ ነበር።

እስከ ኅዳር ያነበብነው ሁሉ ቁም ነገር ያለው ነበር። ልጆቹ “ቲቸር፣ መልእክቱ ምንድን ነው?” ይሉኛል፤ የምነግራቸውን ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሰው ቀንሶ ይመጣል።

ታኅሣሥ ውስጥ ለገሃር አካባቢ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የእንግሊዝኛ መድበል ገዛሁ። አስፈሪ አጫጭር ታሪኮች ናቸው። ሽፋኑ የለም፤ ጀርባው በፕላስተር ተለጥፏል። መገናኛ የአባዶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አንዱን ታሪክ ጨረስኩ። ሰፈር ስደርስ መብራት ጠፍቷል። የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። ዕድሜዬን እዚህ አልጽፍም።

በቀጣዩ ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ የአሜሪካዊውን ደራሲ የኤድጋር አለን ፖን “The Tell-Tale Heart” የተባለ ታሪክ ይዤ ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ1843 የታተመ ነው። ተራኪው አንድ ሽማግሌ ይገድላል፤ ሬሳውን ከወለሉ ጣውላ ሥር ይደብቃል። ከዚያ ፖሊሶች መጥተው ቁጭ ብለው ሲያወሩ የሟቹ ልብ ሲመታ ይሰማዋል፤ መቻል አቅቶት ራሱን ያጋልጣል። አሠራራችን ቀላል ነበር። እኔ አንድ አንቀጽ በእንግሊዝኛ አነባለሁ፤ እነሱ በቃል ወደ አማርኛ ይመልሳሉ።

ርዕሱ ላይ ብቻ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። “ተናጋሪው ልብ” አለ አንዱ። “ሬዲዮ አስመሰልከው” ተባለ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ከኋላ “አሳባቂው ልብ” ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ በዚያው ጸደቀ። ከዚያ የመጀመሪያው መስመር መጣ። ፖ ተራኪው ወንድ ይሁን ሴት በግልጽ አይነግረንም። አማርኛ ግን ይጠይቃል። “ለምን አበደ ትላላችሁ” ወይስ “አበደች”? ወንዶቹ ገዳዩ ወንድ ነው አሉ። ሴቶቹ “ሴት ብትሆን ምን ይከለክላታል?” ብለው ተነሱ። መጨረሻ ላይ አንዷ “ለምን እብድ ትሉኛላችሁ” አለች። ጾታው ጠፋ፤ ክፍሉ አጨበጨበ። ስንት ዓመት ሰዋስው ሳስተምር ለአንድ ግሥ ተጨብጭቦ አያውቅም።

“ቲቸር፣ ኮንዶሚኒየም ወለሉ ኮንክሪት ነው፤ የት ይደብቀዋል?” የሚል ጥያቄም መጣ። “ሮቶ ውስጥ” ብሎ የመለሰውን ልጅ ይቅር ያልነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 በጻፈው ሂስ፣ አጭር ልቦለድ በአንድ መቀመጫ ተነቦ ማለቅ አለበት፤ እያንዳንዱ ቃልም ለአንድ ስሜት መሥራት አለበት ይላል። ይህን ስነግራቸው አንዱ ሰዓቱን አየና “40 ደቂቃ አለን” አለ። ከዚያ ወዲህ ማንም አላረፈደም። መጋቢት ላይ 31 ደርሰን ነበር።

የዓመቱ ትልቁ ጠብ የተነሳው በእንግሊዛዊው ደራሲ በደብልዩ ደብልዩ ጃኮብስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 የወጣ ነው። አንድ የደረቀ የጦጣ እጅ ሦስት ምኞት ይፈጽማል። (ጦጣ ወይስ ዝንጀሮ፣ እጅ ወይስ መዳፍ የሚለውን ክርክር ልዝለለው፤ ሁለት ልጆች እስካሁን አይነጋገሩም።) አባት 200 ፓውንድ ይመኛል። በማግስቱ ልጁን ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይገድለዋል፤ ድርጅቱም ለቤተሰቡ 200 ፓውንድ ይልካል። ከቀብሩ በኋላ እናት ልጃቸው እንዲመለስ አስመኘች። ሌሊት በሩ ተንኳኳ። እናት መቀርቀሪያውን ለመክፈት ስትታገል ደወል ተደወለ፤ የእኛ ደወል።

ማንም አልተነሳም። እኔም ክፋት ያዘኝና መጽሐፉን ዘጋሁት። “መጨረሻውን እናንተ ጽፋችሁ ኑ” አልኳቸው።

22 ልጆች ጽፈው መጡ። ከአንዷ በቀር ሁሉም በሩን ከፍተው አንድ ነገር አስገብተዋል፤ ደም፣ ትል፣ ፊት የሌለው ሰው። እኔ የጃኮብስን አነበብኩላቸው። አባት ሦስተኛውን ምኞት ይመኛል፤ ማንኳኳቱ ይቆማል፤ በሩ ሲከፈት ጭር ያለ መንገድና አንድ የመንገድ መብራት ብቻ። “ተሸወድን!” አለ አንዱ። ሌላው ግን ቀስ ብሎ “ታዲያ ለምንድን ነው የእሱ የበለጠ ያስፈራኝ?” አለ። የቀረው ሰዓት በዚህች ጥያቄ አለቀ።

መልሱን የሰጡን የማታ ጥበቃችን ጋሼ ናቸው። ለሥራ ሲገቡ የክፍላችን በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበርና አንድ ቀን ወንበር ሰጠናቸው። ከጋራው የሚወርደውን ጅብ እንዴት እንደሚለምዱት ልጆቹ ጠየቋቸው። “ጅቡ ሲጮህ ያለበትን አውቃለሁ” አሉ። “ውሾቹም ሲጮኹ ግድ የለኝም። ሁሉም አንድ ላይ ዝም ካሉ ግን ባትሪዬን ይዤ እነሳለሁ።” ሻያቸውን ጨርሰው ወደ በሩ ሄዱ።

በሩን ያልከፈተችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግንቦት ላይ የራሷን ታሪክ አነበበች። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምተን አናውቅም። ታሪኳ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣበት ሕንፃ ነው። ሌሊት ሌሊት አንድ ሰው ጀሪካን በደረጃ እየጎተተ ይወጣል። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ሆና ድምፁን ትቆጥራለች፤ አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ቤተሰቡ ለምዶታል፤ ጎረቤት ነው ይላሉ። የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር በፈቃዷ እጽፋለሁ፦ “እኛ ያለነው አራተኛ ፎቅ፣ የመጨረሻው ላይ ነው፤ ጀሪካኑ ግን ከበራችን አልፎ ወጣ።” ያን ቀን መብራት ነበረ። ቢሆንም ልጆቹ ተያይዘው ነው ወደ ቤት የሄዱት።

ቅሬታ አልነበረም ማለት አልችልም። ሦስት ወላጆች መጥተዋል። አንደኛዋ እናት “ልጄ ሌሊት ሽንት ቤት አጅቢኝ እያለች እንቅልፍ ነሳችኝ” አሉኝ። ልክ ናቸው። ከዚያ በኋላ ደም የሚበዛባቸውን ታሪኮች ትቼ፣ የሚነበበውን አስቀድሜ ለወላጆች ማሳወቅ ጀመርኩ። ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ።

ከዚህ ሌላ አራት ኪሎ የሚገኘውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጎብኝተናል፤ ሁለት የግድግዳ መጽሔት አውጥተናል። የፎቶ ኮፒ ወጪያችን ከስፖርት ክበብ ኳስ በልጧል ተብሎ ተወቅሰናል።

አንድ ማሳሰቢያ። ሽፋን የሌለው፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈው መድበል ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ አልተመለሰም። እጁ ላይ ያለ ልጅ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ይስጥልኝ፤ ስም አልጠይቅም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ታሪኮች እኔም አላነበብኳቸውም።