ከአዳራሻችን በፊት የጎረቤቶቻችን ቤት፦ የድጋፍ ጥሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የደብራችን ምዕመናንና ምዕመናት፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ የደብረ ብርሃን ልጆች፤

ባለፈው ነሐሴ፣ በፍልሰታ ሱባኤ፣ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብና ንፋስ የሰንበት ትምህርት ቤቱን አዳራሽ ጣሪያ ከነማገሩ ነቅሎ ግቢው ውስጥ ጣለው። በዚያው ሌሊት ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ 8 የጭቃ ቤቶች ፈረሱ። አብዛኞቹ የአረጋውያን ቤቶች ናቸው። ሰዎቹ ቤተ ክርስቲያን በሰዓታት ጸሎት ላይ ስለነበሩ የሰው ሕይወት አልጠፋም። ስለዚህ ዛሬም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን።

ለአዳራሹ ስንሰበስበው የቆየነው ገንዘብ ያኔ በእጃችን ነበር። መስከረም ላይ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። የማን ጣሪያ ይቅደም የሚለው ክርክር እስከ ማታ ወሰደ። በመጨረሻ ጉባኤው የጎረቤቶቻችን ይቅደም ብሎ ወሰነ። ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል። ማንም መጥቶ ማየት ይችላል።

አሁን 5 ቤት አልቋል፣ 3 ቤት ቀርቷል። ገንዘቡ ግን ተሟጧል። ከፋሲካ ወዲህ የገባልን በጣም ጥቂት ነው። ክረምቱም ደጃችን ደርሷል።

የተሠራውን ያላያችሁ ኑና እዩ። ባለቤቶቹ ገብተው ይኖሩባቸዋል፣ ቡና ያፈሉባቸዋል። አጣናውን ያመጣነው ከገጠር ነው፤ ግማሹን ገበሬዎቹ በነጻ ሰጡን። ጭቃውን ያቦኩት የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ናቸው። ጭዱን አልብሰው፣ እንዲብላላ ትተው፣ በማግስቱ በውርጭ በባዶ እግራቸው እየገቡ ረገጡት። በደብረ ብርሃን የኅዳር ጠዋት ጭቃ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። እነዚህ ልጆች የራሳቸው አዳራሽ ጣሪያ የለውም። እስከ ዛሬ የሚማሩት ደጀ ሰላሙ በረንዳ ላይ ተጠጋግተው ነው። አንዳቸውም «የእኛስ?» ብለው አልጠየቁንም።

ስለ ወጪው የሚነሳውን ጥያቄ ሰምተናል። መጠየቃችሁ ተገቢ ነው፤ እኛም በግልጽ እንመልሳለን። «ለምን ውድ ቆርቆሮ ገዛችሁ?» ተብሏል። የገዛነው ባለ 32 ጌጅ ነው። ባለ 35ቱ ይረክሳል፣ ግን ስስ ነው። የእኛን አገር ንፋስ አይችልም። ባለፈው የወደቀው ጣሪያ ላይ የነበረው ቆርቆሮ ስስ ነበር፤ ያንኑ መልሰን አረጋውያን ራስ ላይ ልንሰቅል አንችልም። «አናጢው ለምን ተከፈለው?» ተብሏል። አናጢው የቀን ሥራውን ትቶ ነው የመጣው። ልጆች አሉት። ከገበያው ዋጋ በግማሽ ሠርቶልናል። «በብሎኬት ለምን አልተሠራም?» ለሚለው ደግሞ፣ በብሎኬት ቢሆን ያ ሁሉ ገንዘብ ከ2 ቤት አያልፍም ነበር። ለእያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ አለ።

ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለተቸገሩት ምዕመናን ሲያሰባስብ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው አለ። በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 8 ላይ ነው። የመቄዶንያ ምዕመናን ራሳቸው በመከራና በድህነት ውስጥ ነበሩ። ማንም አላስገደዳቸውም። እንዲያውም በዚህ በጎ ሥራ እንዲሳተፉ ሐዋርያውን የለመኑት እነሱ ናቸው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ጳውሎስ በገንዘቡ ምክንያት ማንም እንዳይነቅፈው ሲጠነቀቅ እናያለን። ገንዘቡን ብቻውን አልያዘም፤ የታመኑ ወንድሞችን ጨምሮ ላከ። የእኛም ሒሳብ ያለ ሦስት ፊርማ የማይንቀሳቀሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቅዳሴውን የምንቀድስበት ዮሐንስ አፈ ወርቅም የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም የማን ይቅደም የሚለውን ጉዳይ አንስቶታል። ክርስቶስ በረሃብ እየሞተ ማዕዱ በወርቅ ጽዋ ቢሞላ ምን ይጠቅመዋል ብሎ ጠይቋል። መጀመሪያ የተራበውን አብላ፣ ማዕዱን በተረፈህ አስጊጥ አለ። ቤተ ክርስቲያን አትሠራ ማለቱ አልነበረም። የትኛው እንደሚቀድም ነው የነገረን። እኛም አዳራሹን አልተውነውም። መሠረቱና ምሰሶው ቆሟል፤ ተራው ሲደርስ ይሠራል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት መንሸራተትም አንርሳ። መጀመሪያ የተናደው መሬት ጥቂት ቤቶችን ነበር የቀበረው። ጎረቤቱ ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ፣ የሌለውም በእጁ ሊቆፍር ሮጠ። እየቆፈሩ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ መጥቶ ሊያድኑ የሄዱትን ቀበራቸው። ከሞቱት ከ200 በላይ ወገኖች መካከል የአካባቢው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር። እነሱ ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። እኛ የምንለምናችሁ ቆርቆሮ ነው።

አሁን ስለቀሩት 3 ቤቶች። በአንደኛው አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር አሉ። አልጋቸው አራት ድንጋይ ላይ ቆሟል፤ ውሃ ከታች ይገባል። ውዳሴ ማርያማቸውን እንዳይርስ በፌስታል ጠቅልለው ትራስጌ አስረውታል። ሁለተኛው ቤት የአንድ ዓይነ ስውር አባት ነው። ሦስተኛው ስማቸውን እንዳንጠራ የለመኑን አባት ቤት ነው። ታኅሣሥ ላይ ተራው የእሳቸው ነበር። እንጨቱ ደጃቸው ከተራገፈ በኋላ እንዲህ አሉን፦ «የጎረቤቴ ሚስት የአልጋ ቁራኛ ናት። እኔ በእግሬ እሄዳለሁ። ለእሷ አድርጉት፣ የእኔ ይቆይ።» እንጨቱን ወጣቶቹ ተሸክመው ወደ ጎረቤት ወሰዱት። ቤቱ ተሠራ። እሳቸው ግን ያንን ሁሉ ብርድ በሸራ ሥር አሳለፉት፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። እኛም የእሳቸውን ቤት ሳንሠራ ሌላ ክረምት አይግባብን ብለን ነው እንደገና የምናስቸግራችሁ።

ኑሮ እንደከበደ እናውቃለን። ከእናንተ መካከል የቤት ኪራይ የጨመረበት፣ ልጁን ለማስተማር የሚበደር፣ በሽተኛ የሚያስታምም አለ። ዐረብ አገር ያላችሁ እህቶቻችንም በምን ድካም እንደምትልኩ እናውቃለን። ከወለጋ ተፈናቅለው ወደ ከተማችን ለመጡት ወገኖች በሶና ቆሎ፣ ብርድ ልብስና እንጀራ ያወጣችሁት እናንተው ናችሁ። ደጋግመን ስንለምናችሁ እኛም ይሰማናል። ኮሚቴውም ደክሟል። ግን ክርስቲያን የራሱ ችግር ሲያልቅ ብቻ ቢሰጥ ኖሮ ማናችንም አንሰጥም ነበር።

የሚያስፈልገውን በብር አንነግራችሁም፤ የቆርቆሮ ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ለአንድ ቤት 30 ቆርቆሮ ይገባል። ለ3 ቤት 90 መሆኑ ነው። ዕቃ ቤት ያለው 22 ነው። የጎደለው 68 ነው። ሚስማርና አጣናም ገና ነው። አንድ ሰው አንድ ቆርቆሮ ቢይዝ ይበቃናል። ያልቻለ አንድ ኪሎ ሚስማር ያምጣ። እሱም ካልሆነ አንድ ቅዳሜ በጉልበቱ ያግዘን። የሰኔ ጾም ሲገባ ምሳ ያልበላችሁበትን ብታስቡበትም መልካም ነው፤ ጾማችን ለድሃ እንዲተርፍ ነው የተማርነው።

ቀን የለንም። ምርጊት ሳይደርቅ ዝናብ ካገኘው ይረግፋል፤ ድካሙም ገንዘቡም ውሃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ ቆርቆሮው ከሰኔ 12 ቅዱስ ሚካኤል በፊት መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን በደስታ እንቀበላለን፣ ግን ለዘንድሮ ክረምት አይደርስም።

አደራ፣ ገቢ የምታደርጉት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሰበካ ጉባኤው ስም በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይና በየወሩ በምትቆርጡት ደረሰኝ ጀርባ ላይ አለ። በባንክም ሆነ በቴሌብር ስትልኩ ምክንያት በሚለው ቦታ «የአረጋውያን ቤት» ብላችሁ ጻፉ። ይህን ካልጻፋችሁ ከአሥራት ጋር ይቀላቀልና ለመለየት እንቸገራለን።

ደግመን እንናገራለን፦ በሰበካ ጉባኤው ስም ባለው ሒሳብ ብቻ። በማንም ግለሰብ ስልክ ወይም ሒሳብ አትላኩ፤ «ከኮሚቴው ነኝ» የሚል ቢደውልም እንኳ። ከላካችሁ በኋላ ማረጋገጫውን ለጽሕፈት ቤቱ አሳዩ፤ ደረሰኝ ይቆረጥላችኋል። ውጭ ያላችሁ እዚህ ባሉ ቤተሰቦቻችሁ በኩል ደረሰኛችሁን አስወስዱ።

ሚስማር፣ አጣናና ጭድ በዓይነት ለምታመጡ ዕቃ ቤቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። በጉልበት የምታግዙም በዚያው ሰዓት ኑ። አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የእኛ አይበቃም።

እግዚአብሔር ይስጥልን።

የሰበካ ጉባኤው የሕንፃና የበጎ አድራጎት ኮሚቴ