ካርታ የሌለው አምራች ከማን ይበደር?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ውጭ ባንኮች መግባት የምታወጧቸውን ጽሑፎች በጥሞና እከታተላለሁ። አዋጅ ቁጥር 1360/2017 በሩን ከከፈተ ወዲህ ክርክሩ ሁሉ የአገር ውስጥ ባንኮች ውድድሩን ይቋቋሙታል ወይስ ይዋጣሉ በሚለው ላይ ነው። ተገቢ ክርክር ነው። እኔ ግን የአነስተኛ አምራቾችን ሂሳብ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ፣ ከባንኩ ባለቤት ማንነት ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ባንኩ ብድር ለጠየቀው ሰው የሚያቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ ነው፤ ቤት አለህ ወይ?

መርካቶ አካባቢ ጫማ የሚያመርት ደንበኛ አለኝ። ባለፈው ክረምት ለትምህርት መክፈቻ የሚደርስ የተማሪ ጫማ ከአንድ አከፋፋይ ታዘዘ። የስፌት ማሽኖቹ የራሱ ናቸው። ግብሩን በወቅቱ ይከፍላል፤ ገቢና ወጪው ለዓመታት በባንክ ሂሳቡ ሲመላለስ ኖሯል። የጎደለው ለቆዳ፣ ለሶልና ለማስቲሽ የሚሆን የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ብቻ ነበር። የትእዛዙን ውል፣ የግብር ክሊራንሱንና የሂሳብ መግለጫውን ይዘን አብረን ወደ ባንክ ሄድን። የብድር ክፍል ሠራተኛዋ ትሁት ናት፤ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየችና «ካርታ አላችሁ?» አለችን። የለንም። ማሽኖቹን ብናስይዝስ ስንላት «ማሽን ለብቻው አንይዝም፣ ከሕንፃ ጋር ከሆነ ነው» አለች። ሰውየው የሚሠራው በኪራይ ቤት ነው። በስተመጨረሻ አከፋፋዩን ቅድመ ክፍያ ለመነ፤ አከፋፋዩም ዋጋ አስቀንሶ ሰጠው። የክረምቱ ትርፍ በዚያው አለቀ፤ ሊቀጥራቸው ያሰባቸውን ልጆችም ሳይቀጥር ቀረ።

በሥራዬ ይህን የመሰለ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። አንዱ የአጎቱን ካርታ ለምኖ ያስይዝና ዘመድ ከዘመድ ይጣላል። ሌላዋ እቁብ እስኪደርሳት ሥራዋን ታቆማለች። አራጣ ውስጥ የሚገባም አለ። ቤቱ በባሏ ስም የሆነ ሴት ነጋዴ ደግሞ የራሷን ንግድ ለማስፋት የእሱን ፊርማ መጠበቅ አለባት።

ባንኮች ቤትን የወደዱበት ምክንያት አለ። አዋጅ ቁጥር 97/1990 የተያዘን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቅዶላቸዋል። የአዲስ አበባ ቤት ደግሞ ዋጋው ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ ብዙ አልታየም። የሚያበድሩት የአስቀማጩን ሕዝብ ገንዘብ በመሆኑ መጠንቀቃቸውን አልነቅፍም። የመንግሥት ፖሊሲም አላገዛቸውም፤ ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚያህል ገንዘብ በዝቅተኛ ወለድ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙበት ተገደው ነበር። በነሐሴ 2015 ደግሞ የዓመቱ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ታጠረ። ጣሪያው ኋላ ላይ ከፍ ቢደረግም፣ የሚሰጠው ብድር ውስን በሆነ ጊዜ ሁሉ ቅድሚያ የሚያገኘው ትልቁ ተበዳሪ ነው።

የሚያሳዝነኝ ግን መፍትሔው በሕግ ተጽፎ መቀመጡ ነው። ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለብድር ዋስትና ማድረግ የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ማሽን፣ የመጋዘን ዕቃ፣ ከብት፣ የእህል ምርት፣ ገና ያልተሰበሰበ የሽያጭ ሂሳብ ሳይቀር ማስያዝ ይቻላል። አንዱ ማሽን ለሁለት ባንክ ተደብቆ እንዳይያዝ መብቱ የሚመዘገብበት የኤሌክትሮኒክስ መዝገብም በብሔራዊ ባንክ ሥር ተቋቁሟል። ጋና ይህን የመሰለ መዝገብ ከእኛ በፊት አቋቁማለች፤ ኬንያም ሕጉን በፈረንጆቹ 2017 አውጥታለች። እኛ ዘንድ ሕጉ ብድር ፈላጊው ከሚቀመጥበት ወንበር ድረስ አልወረደም። ያገለገለ የስፌት ማሽን ስንት ያወጣል ብሎ የሚገምት ባለሙያ በየቅርንጫፉ የለም። ተበዳሪው ባይከፍል ማሽኑን ማን ይገዛል ለሚለውም ገበያው አልተደራጀም። የብድር ሠራተኛውም ቢሆን በቤት ዋስትና የሰጠው ብድር ሲበላሽ ማንም አይወቅሰውም፤ በማሽን የሰጠው ከተበላሸ ግን ተጠያቂው እሱ ነው።

የገንዘብ እንቅስቃሴ መዝገብ ብቻውን ዋስትና ሊሆን እንደሚችል በስልካችን አይተናል። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር የጀመረው አነስተኛ ብድር የሰውየውን የገንዘብ እንቅስቃሴ አይቶ እንጂ ካርታ ጠይቆ አይደለም የሚያበድረው። መጠኑ ትንሽ፣ መመለሻው አጭር ስለሆነ አንድ ወርክሾፕ አይቆምበትም። በጥር 2017 የተከፈተው የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያም ለትልልቅ ኩባንያዎች የሚጠቅም እንጂ ለጫማ ሠሪው አይደለም። ለእሱ ያለው ባንኩ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ብሔራዊ ባንክ እያንዳንዱ ባንክ በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና ምን ያህል እንዳበደረ በየሩብ ዓመቱ በየስማቸው ለይቶ ለሕዝብ ያውጣ። ባንኮች የማሽንና የዕቃ ገማቾችን ያሠልጥኑ፤ ሕጉን አክብሮ በማሽን ዋስትና ያበደረ ሠራተኛም ብድሩ ስለተበላሸ ብቻ አይቀጣ። ከአነስተኛ አምራች የሚገዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕቃውን መረከባቸውንና ዕዳ እንዳለባቸው ሳያጓትቱ በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ያ ወረቀት ባንክ ፊት ማስያዣ ሆኖ መቅረብ የሚችል ነውና። ጋዜጣችሁም የባንክ ፕሬዚዳንቶችን ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ ከዓመታዊ ትርፋቸው ቀጥሎ ይህን ጠይቁልን፤ ባለፈው ዓመት ቤት ለሌለው አምራች ስንት ብር አበደራችሁ?

ከአክብሮት ጋር፣
የሂሳብ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ