የብስክሌት ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ፦ ታንደሟ ኪጋሊ ደርሳ መጣች

ዘንድሮ ስለ ብስክሌት ክበብ ብዙ ተወርቷል። ታንደሟን፣ ማለትም ሁለት ሰው የሚነዳትን ብስክሌታችንን፣ ሩዋንዳ ኪጋሊ ድረስ ይዘን በመሄዳችን በመምህራን ክፍልም፣ በወላጆች ስብሰባም «ለአንዲት ብስክሌት ይሄ ሁሉ?» ሲባል ሰምተናል። ስለዚህ ይህ ዘገባ ከወትሮው ረዘም ይላል። ምን እንደሠራንና ለምን እንደሠራን ማወቅ የትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ መብት ነው።

የተለመደውን ቶሎ ብዬ ልለፈው። መስከረም ላይ አዲስ ኮሚቴ ተመረጠ። በየሳምንቱ ረቡዕ ከክፍል በኋላ ተሰብስበናል፤ ቃለ ጉባኤው ቢሮ አለ። ቅዳሜ ጠዋት የጥገና ሥልጠና ነበረን። የሰባተኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ከመነዳሪ መለጠፍ፣ ካቴና ማጥበቅና ፍሬን ማስተካከል ችለዋል። ለታናናሾቹ ክፍሎች የመንገድ ደኅንነት ትምህርት ሰጥተናል። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» እሑዶችም ወጥተናል። ከተማው ውስጥ የተሠሩት አዳዲስ የብስክሌት መስመሮች እፎይ አሰኝተውናል። ከዚያ በፊት ልጆቹን ይዤ ዋና መንገድ ስወጣ ያልተሳቀቅሁበት ቀን አልነበረም።

አሁን ወደ ታንደሟ ልምጣ። አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ ያቺ ረጅሟ፣ ስትገባ ጥበቃው ሁለቱንም በር የሚከፍትላት። ጀርመን አገር የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን የላኩልን ናት። ከፊት የተቀመጠው መሪውን፣ ፍሬኑንና ማርሹን ይይዛል። ከኋላ ያለው በጉልበቱ ይገፋል። የሁለቱ ፔዳሎች በካቴና ስለተያያዙ አንዱ ሲረግጥ የሌላውም እግር አብሮ ይዞራል። በፓራሊምፒክ ማየት የተሳናቸው ብስክሌተኞች የሚወዳደሩት በዚሁ ነው። የእኛዋን ከኋላ ሆና የምትነዳት ማየት የተሳናት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከፊት የምትቀመጠው የክፍል ጓደኛዋ ናት። ስማቸው እንዳይጻፍ ራሳቸው ስለጠየቁኝ ፊተኛዋና ኋለኛዋ እያልኩ እቀጥላለሁ። ትምህርት ቤቱ እንደሆነ ሁለቱንም ያውቃቸዋል።

የጉዞው ሐሳብ የመጣው ከእኔ አይደለም። መስከረም ላይ የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። ስሎቬንያዊው ታዴይ ፖጋቻር ሲያሸንፍ እዚሁ ሆነን አብረን ተመልክተናል። ልጆቹን የገዛቸው ግን ኪሚሁሩራ የሚባለው በድንጋይ ንጣፍ የተሠራው ዳገት ነው። ፊተኛዋ የምታየውን ለኋለኛዋ ትነግራታለች፤ «አሁን ተነሥተው ነው የሚረግጡት፤ አሁን አንዱ ቀረ» እያለች። ኋለኛዋ ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ «ቲቸር፣ እኛስ አንወጣውም?» አለችኝ። ሌላ ጥያቄ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር።

አንድ የኪጋሊ ትምህርት ቤት ሊያስተናግደን ፈቃደኛ ሆነ። ወላጆች በየበዓሉ ቡና አፍልተው፣ ዳቦ ጋግረው ሸጡልን። ፓስፖርትና የወላጅ ፈቃድ ተሰበሰበ። ጉዞው በአጋማሽ ዓመት ዕረፍት እንዲሆን ተወሰነ። ትልቁ ክርክር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ኪጋሊ ብስክሌት ሞልቷል፤ እዚያው ተከራዩ» ተባልን።

ለዚህ በግልጽ መመለስ እፈልጋለሁ። ሌሎቹ ልጆች የተባለውን አድርገዋል፤ እዚያው ተከራይተዋል። ታንደም ግን እንደ ተራ ብስክሌት በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ቢገኝ እንኳ ኋለኛዋ የምታውቀው የእኛዋን ነው። የኮርቻውን ከፍታ፣ የመያዣውን ስፋት፣ ማርሽ ሲቀየር የሚሰማውን ድምፅ ለይታ ታውቃለች። ብስክሌቷን በጆሮዋና በእጇ ነው ያጠናቻት። ታንደሟ ካልሄደች ልጅቷ ወይ ትቀራለች፣ ወይ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ጓደኞቿ የደረሱበትን በወሬ ትሰማለች። ክበባችን የሁሉም ነው ብለን በር ላይ ከለጠፍን በኋላ ይህን መቀበል አልችልም። አሁንም በዚህ አቋሜ ጸንቻለሁ።

ታንደም በአውሮፕላን መላክ ቀላል አይደለም። ለአንድ ተራ ሻንጣ የሚፈቀደው ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ 158 ሳንቲ ሜትር ነው። የእኛዋ ጎማዎቿ እንደተገጠሙ ብቻዋን 2 ሜትር ከ40 ትሆናለች። ጎማ፣ ፔዳል፣ መሪና ኮርቻ ተፈትተውም ቴላዮው (ዋናው የብረት አካሏ) ከሰው ቁመት አያንስም። በዓለም ላይ ቴላዮአቸው መሐል ለመሐል በብሎን ተፈትቶ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ታንደሞች አሉ። ዋጋቸው ግን ለእኛ የሚታሰብ አይደለም። ክብደቱም አለ። ለጫኚዎቹ ወገብ ሲባል አንድ ዕቃ ከ32 ኪሎ እንዲያልፍ አይፈለግም። በዚያ ላይ እንደ ቦይንግ 737 ያለ አውሮፕላን የዕቃ ክፍሉ በር ከፍታው አንድ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ሳጥኑ ረጅም ቢሆንም ቁመቱ አጭር መሆን ነበረበት።

መጀመሪያ የደወልንበት ትኬት ቢሮ «ብስክሌት ብስክሌት ነው፤ ችግር የለውም» አለን። የኮሚቴው ጸሐፊ ግን በወሬ አልተማመነችም። ርዝመቱን፣ ቁመቱንና ኪሎውን ጽፋ ይዛ ሄደች። ልኩን ሲያዩ ነገሩ ተለወጠ። ሌላ ቢሮ ተመራን፣ ክፍያው እንደገና ተሰላ፤ በመጨረሻ ግን የጽሑፍ ማረጋገጫ ይዘን ወጣን። ቦሌ ላይ ያቺ ወረቀት ናት ያሳለፈችን። ጸሐፊዋ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ሳጥኑን ልጆቹ ራሳቸው ሠሩት። መርካቶ ብስክሌት ሻጮች ዘንድ ሁለት ትልልቅ ካርቶን ለመኑና አንዱን በሌላው ውስጥ አስገብተው አስረዘሙት። ከሥሩ ጣውላ አደረጉለት። የፊት ጎማው በወጣበት ሹካ መሐል፣ ዕቃ ሲጫነው እንዳይጣመም፣ በልኩ የተቆረጠ እንጨት ገባ። ጎማዎቹ በሌላ ካርቶን ሄዱ፤ ክብደቱም በዚያ ተከፋፈለ። ፔዳል መፍታት ራሱ ትምህርት ነው። የግራው ጥርስ የተገላቢጦሽ ስለሆነ እንደ ሌላው ብሎን ከታገሉት ይባስ ይጠብቃል። የጎማዎቹን ነፋስ ስለ መቀነስ የፊዚክስ መምህራችን መጥተው አስረዱን። የዕቃ ክፍሉም እንደ መንገደኛው ክፍል ግፊቱ ስለሚጠበቅ ጎማ አይፈነዳም። ሆኖም ነፋስ ቀንሱ ከተባለ ይቀነሳል፤ ቸርኪዮው (ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት) እንዳይጎዳ ግን ጥቂት ይተዋል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚነፉት ትንንሾቹ ጠርሙሶች ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ ስለማይጫኑ የእጅ መንፊያ ያዝን። የመብራቶቹ የሊቲየም ባትሪዎች ከእኛው ጋር በእጅ ሻንጣ ሄዱ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጆቹ አንብበው ደረሱበት። ሩዋንዳ ፌስታል ከከለከለች ቆይታለች፤ እገዳው ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ኤርፖርት ላይ ሻንጣ የተጠቀለለበትን ፕላስቲክ እንኳ ያስነሣሉ። ስለዚህ ቴላዮው በአሮጌ ጋቢና በቃጫ ጆንያ ተጠቀለለ፤ ክፍተቱ በእንቁላል ካርቶን ተሞላ። ሳጥኑ የተዘጋው በሲባጎ ነው። ፈታሾች ክፈቱ ካሉ ሳይቀደድ እንዲከፈት ብለን ነው፤ ደግሞም ክፈቱ አሉ። ሳጥኗ በሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ታስራ ቦሌ ደረሰች። ከትልልቅ ዕቃዎች ጋር ለብቻ ተፈትሻ ገባች። ስንወጣ በጉምሩክ ስላስመዘገብናት ስንመለስም የቀረጥ ጥያቄ አልገጠመንም።

ኪጋሊ ስንደርስ ከፊታችን የነበሩት መንገደኞች ፕላስቲካቸውን ሲያስፈቱ እኛ ጋቢያችንን ይዘን አለፍን።

እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ደስ ይለኛል። በማግስቱ ጠዋት በአስተናጋጆቻችን ግቢ ሳጥኑን ከፈትን። ሁሉም በየሥራው ተሰማራ። አንዱ ጎማ ይነፋል፣ አንዷ መሪ ታጠብቃለች። የፊትና የኋላውን ፔዳል የምታገናኘው ካቴና ስትመለስ ሁለቱ ፔዳሎች እኩል መዋል አለባቸው፤ ከተዛነፉ የሁለቱ ሰዎች እርግጫ አይገጥምም። ሁለት ወንዶች ልጆች ካቴናዋን አስገቡ። አየኋት፤ ልክ መሰለችኝ። ኋለኛዋ ግን መሬት ላይ ተቀመጠችና ግራ እጇን በፊተኛው ፔዳል፣ ቀኝ እጇን በኋለኛው ላይ አደረገች። ቀስ ብላ አዞረቻቸው። ደግማ አዞረች። ከዚያ «ቲቸር፣ አንድ ጥርስ ስታችኋል» አለች።

ልጆቹ አላመኑም። እሷ ግን አዲስ አበባ ሳለን፣ ከመፍታታችን በፊት፣ በካቴናዋ አንድ ዓይን ላይ ክር ቋጥራ ነበር። በኋለኛው ኮርቻ ብረት ላይም ከፍታውን የሚያሳይ ሌላ ቋጠሮ ነበራት። ማንም አላዘዛት፤ እኔም አላየሁም። ክሩን በጣቷ ፈልጋ አገኘችና «ይቺ እዚህ ነው መዋል ያለባት» ብላ አሳየቻቸው። ካቴናዋ ወጥታ እንደገና ገባች። ፔዳሎቹ ገጠሙ። ኮርቻዋንም ራሷ በልኳ አጠበቀች። ከወንዶቹ አንዱ እጁ በግራሶ እንደተለወሰ «እንግዲህ የክበቡ መካኒክ አንቺ ነሽ» አላት። የዓመቱ የጥገና ኃላፊ ምርጫ እዚያው ግቢ ውስጥ አለቀ፤ ስንመለስ ቃለ ጉባኤ ላይ አስገባነው። ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ ጠዋት የኮራሁበትን ቀን አላስታውስም።

በኪጋሊ በወር ሁለት እሑድ መንገድ ለመኪና ይዘጋል። የእኛም ጉዞ ከዚያ ጋር ስለገጠመ መጀመሪያ ጎዳናውን ከነዋሪው ጋር ተንሸራሸርንበት። ከዚያ ኪሚሁሩራ ሄድን። ታንደም በድንጋይ ንጣፍ ላይ ዳገት መውጣት ከባድ ነው። ፊተኛዋ «ማርሽ! ግፊ! ግፊ!» ትላለች፣ ኋለኛዋ አንገቷን ደፍታ ትረግጣለች። መሐል ላይ ቆሙ። ዳገት ላይ ታንደም ማስነሣት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት መርገጥ አለባቸው። የኪጋሊዎቹ ተማሪዎች «ኮሜራ! ኮሜራ!» (በርቱ! በርቱ!) እያሉ ግራና ቀኝ ሮጡላቸው። ተነሡ፤ ወጡትም።

በሌላው ቀን ወደ ሙሃንጋ አመራን፤ ከኪጋሊ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እነሱም እንደኛ በቀኝ ስለሚነዱ ልጆቹ አልተቸገሩም። ከከተማው ወጣ እንዳሉ የኒያባሮንጎ ድልድይ አለ። ይህ ወንዝ ወደ አካጌራ፣ አካጌራ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይገባል፤ ከቪክቶሪያ የሚወጣው ነጭ ዓባይ ካርቱም ላይ ከእኛው ዓባይ ጋር ይገናኛል። ካርታ ላይ ያስተማርኩት ነገር ነው። ኋለኛዋ «ውሃው ምን ይመስላል?» አለች። ፊተኛዋ «ድፍርስ ነው፤ እንደ ዓባይ በክረምት» አለቻት። «እንግዲያው አፈራቸውን ይዞ እየሄደ ነው» አለች ኋለኛዋ። የጂኦግራፊ መምህሯ ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ከድልድዩ በኋላ ያለው ዳገት ረጅም ነው። ሙሃንጋ ሁሉም በራሱ እግር ደረሰ። ስንመለስ ግን በመኪና ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ሰው የያዘች ታንደም ፍጥነቷ ስለሚያይልና ፍሬኗ ስለሚግል ልጆቹን ለአደጋ አላጋልጥም ብዬ ነው።

ሳንካም ገጥሞናል። በመልስ ጉዞ የኋላ ማርሹ መያዣ ተጣሞ መጣ፤ አንድ ቸርኪዮም ወለም ብሏል። ጥገናውን ከኪሳችን ከፍለናል። ሁለት አባላት ፓስፖርታቸው ሳይደርስ ቀርተው ከጉዞው ተነጥለዋል፤ ይህ በጣም አሳዝኖኛል። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመትም ታንደሟ ለጥገና በቆመችባቸው ሳምንታት ኋለኛዋ ልምምድ አጥታለች።

ስለ ገንዘብም ሳልናገር አላልፍም። የክበባት በጀት ሲከፋፈል ለእኛ የደረሰን ለከመነዳሪ እንኳ አይበቃም። የእግር ኳስ ቡድኑ ማልያ ሲለወጥለት ደስ ይለናል፤ ልጆቻችን ናቸው። ብስክሌትም ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ጽጋቡ ግርማይም በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ለ2019 የምንለምነው ይህን ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ ታንደም። በሚቀጥለው ዓመት ማየት የተሳናቸው ሁለት አዳዲስ ተማሪዎች ክበቡን ለመቀላቀል ጠይቀዋል፤ አንድ ብስክሌት ለሦስት አይደርስም። ሁለተኛ፣ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለችው ባዶ ክፍል ለዕቃ ማስቀመጫ ትሰጠን። ሳጥኑ እስካሁን ያለው በኮሪደር ነው፤ ክረምት ሲገባ ካርቶኑ ይበሰብሳል። ሦስተኛ፣ የተሟላ የቁልፍ ስብስብ፤ አሁን የምንጠቀመው የእኔን ነው። ለመርዳት የፈለገ ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ረቡዕ ከክፍል በኋላ ብቅ ይበል። የጥገና ኃላፊያችን ታንደሟን ፈታ ገጥማ ታሳያችኋለች።