አባዬ፣ ቅጹ ላይ ባዶ ስለተውኩት መስመር

አባዬ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ ላይ ልነግርህ ሞክሬ ነበር ግን አንተ «ደህና ነኝ፣ ልጆቹስ?» ትልና ሂሳብ እንዳይቆጥርብኝ ብለህ ትዘጋዋለህ፣ ስለዚህ ጽፌ ለወንድሜ በቴሌግራም ልኬለታለሁ እሱ ፕሪንት አድርጎ ይሰጥሃል። መነጽርህን አድርገህ ራስህ አንብበው፣ እሱ ያንብብልኝ እንዳትል።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ በቁመት ሊያልፈኝ ምንም አልቀረው፣ ዘንድሮ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ሆኗል፣ አባቱ የአያቱን ጭንቅላት ነው የወሰደው ይላል። ሚጣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ለአያቴ ፎቶ ካልላክሽ ብላ ትነዘንዘኛለች፣ ደሞ ለፋሲካ ደብረ ብርሃን ካልሄድን እያለች ነው፣ ያን ብርድ ረስታዋለች መሰለኝ። ስለነሱ ገጽ ሙሉ መጻፍ እችላለሁ ግን ዛሬ ቁጭ ያልኩት ለሌላ ጉዳይ ነው።

መስሪያ ቤታችን ለሰራተኛው የጤና ምርመራ አዘጋጅቶ ነበር። ነርሶች መጥተው ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ክብደት፣ የወገብ ዙሪያ፣ ደም ግፊት፣ ከዛ ጣት ወጋ አድርገው ስኳር ይለካሉ። እኔም ያልጨረስኩት ሪፖርት ስለነበር ቶሎ ተለክቼ ልመለስ ብዬ ነው የሄድኩት። ግፊቴ 152 በ98 መጣ። ነርሷ ምንም አላለችም፣ አምስት ደቂቃ ቁጭ በዪ፣ አታውሪ፣ እግርሽንም አታጣምሪ ብላ ድጋሚ ለካችኝ፣ ያው ነው። አባዬ ራሴን አላመመኝም፣ አላዞረኝም፣ ምንም። አንድ ቀን ብቻ ተለክቶ ግፊት አለብሽ አይባልም በተለያየ ቀን መታየት አለበት ስላሉኝ ሰፈር ያለው ፋርማሲ እየሄድኩ ስለካ ሰነበትኩ፣ ከ140 በ90 ግን አልወርድ አለ። አሁን አምሎዲፒን የሚባል 5 ሚሊግራም ክኒን በቀን አንድ እወስዳለሁ፣ ጨውም ቀንሻለሁ፣ ወጡም ዳቦውም ውስጥ ያለው ተደምሮ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ ተብያለሁ። እንዳትደነግጥ፣ ደህና ነኝ።

አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ግን ሰላሳዎቹ ውስጥ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ይጫወታል፣ የሱ ስኳር ከ300 በላይ ሆነ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ተከራከረ። ላብራቶሪ ሄዶ በባዶ ሆዱ ሲሰጥ ያው ከፍተኛ፣ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራም ከፍተኛ። ለካ ሌሊት ሌሊት ለሽንት ይነሳ ነበር፣ ውሃ ይጠማው ነበር፣ ሱሪው ይሰፋው ነበር፣ እሱ ግን ሥራ ስለበዛብኝ ነው እያለ ነው የከረመው። ይሄን ሲያወራኝ እያዳመጥኩት የማስበው ሌላ ሰው ነበር።

ከመለካታችን በፊት ደግሞ ቅጽ ሞልተን ነበር። በቤተሰብ ውስጥ ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት በሽታ ያለበት አለ ወይ ይላል፣ ከሥሩ እናት፣ አባት ብሎ መስመር አለው። እናት የሚለው ላይ እስክሪብቶዬን ይዤ ቆምኩ። ምን ልጻፍ አባዬ? እማዬ በምን እንደሞተች በወጉ ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም። «ድንገት አመማት» ነው የተባልኩት። ባዶ ተውኩት።

ይሄን ነገር አንስተን አናውቅም። ዛሬ ግን ላንሳው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ ነበርኩ፣ ታማለች አላላችሁኝም፣ ሆስፒታል ገባች አላላችሁኝም፣ ሞታም ቀበራችኋት። ስደውል ገበያ ሄዳለች፣ ቤተክርስቲያን ናት፣ ተኝታለች ትለኝ ነበር፣ ድምፅህ እንኳን አይቀየርም ነበር። ፈተናውን ስጨርስ አክስቴ ቤት እደሪ ተባልኩና ንጋት ላይ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶዬን ሲነግረኝ አርባዋ ሊወጣ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። አፈር አላለበስኳትም። ልጄ ፈተናዋ እንዳይበላሽባት ብለህ እንደሆነ ይገባኛል፣ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ ማንም አጠፋህ አላለህም። ለኛ ብለህ ያን ሁሉ ዓመት የሌሊት ፈረቃ መሥራትህንም አልረሳሁም፣ እግዜር ያክብርልኝ። ግን ያን ዓመት ያመጣሁትን ውጤት እስከዛሬ ደስ ብሎኝ አይቼው አላውቅም፣ ይሄንንም እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ከምርመራው በኋላ አክስቴን ወጥሬ ያዝኳት። እማዬ ለዓመታት ደም ብዛት እንደነበረባት፣ ሲሻላት ክኒኑን ትተወው እንደነበር፣ በኋላ ፊቷና እግሯ እያበጠ ኩላሊቷ እንደደከመ ነገረችኝ። ሐኪሙን ስጠይቀው ግፊትም ስኳርም ኩላሊትን ምስጥ ምሰሶን ከውስጥ እንደሚበላው ነው የሚጎዱት፣ ብዙ እስኪጎዳ ድረስ ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን አለ ወይ ተብሎ ቢታይና ደም ቢሰጥ ግን ቀድሞ ይያዛል አለኝ። ወላጅ ላይ ግፊት ካለ ልጅ ላይ የመምጣቱ ዕድልም ይጨምራል። ስለዚህ የእማዬ ሕመም የኔም ጉዳይ ነበር እኮ፣ የወንድሜም ነው፣ የሚጣም ነው። ያኔ ብትነግሩኝ በሃያዎቹ ዕድሜዬ መለካት እጀምር ነበር።

አባት የሚለውንም መስመር ባዶ ነው የተውኩት።

አሁን የፈራሁትን ልጻፈው። ወንድሜን እንዳትቆጣው፣ እኔ ነኝ አስጨንቄ የጠየቅኩት። ሌሊት እየተመላለስክ ነው አለኝ፣ አልጋህ ሥር ጆግ ሙሉ ውሃ እየተቀመጠልህ ጠዋት ባዶ ነው፣ ኮትህ ትከሻህ ላይ ሰፍቷል፣ ከጥምቀት በፊት ጫማ የላጠው የእግርህ ጣት እስካሁን አልደረቀም። ጋዜጣም አርቀህ ይዘህ እንኳን አላነብ ብሎሃል አለኝ። አንተ «እርጅና ነው» ትላለህ። አባዬ ስኳር ይመስለኛል። ላይሆን ይችላል፣ በአንተ ዕድሜ ፕሮስቴትም ሌሊት ያመላልሳል፣ ግን ቁስሉ ጭምር ሲሆን እንቅልፍ አይወስደኝም። ሳይመረመር ደግሞ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ፋብሪካ በነበርክ ጊዜ ክሊኒክ የሚኬደው ማሽን እጅ ሲይዝ ነው ትለን ነበር። ቆሞ እየሄደ እየበላ ያለ ሰው ለምን ይመረመራል ነው ያንተ ነገር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም ይላል፣ እነሱም እንዳንተ ቆመው እየሄዱ ነው። ክኒን ከተጀመረ አይቆምም ትላለህ፣ አዎ ብዙ ጊዜ አይቆምም፣ እማዬ ግን አቁማው አይደል? የክኒኑን ብር እኔ እችለዋለሁ። የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ነው፣ ዕድሜ ልክ ነው፣ እኔም ወንድሜም ተደማምረን አንችለውም፣ ይሄንን በግልጽ ልንገርህ።

ጻድቃኔ ማርያም ጠበል መሄድህን ማንም አይከለክልህም፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ። አቡነ ጳውሎስ እንኳን በ1999 ዓ.ም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጣሉም ብለው አልነበር? ስኳር ከሆነ ደግሞ ጾሙን ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋሉን በራስህ እንዳትወስን፣ መድኃኒት ወስዶ ምግብ መዝለል ስኳርን አውርዶ ይጥላል።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ሰኞ ጠዋት ወንድሜ 1 ሰዓት ላይ ይመጣል። እሁድ ማታ በጊዜ እራትህን ብላና ከዛ በኋላ ውሃ ብቻ፣ ጠላም ሻይም ይቅር፣ ጠዋት ቡና ሳትጠጣ ውጣ፣ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ባዶ ሆድ መሆን አለበት። የጤና መድህን ደብተርህ መታደሱን እይ፣ ካልታደሰ ብሩን በቴሌብር ልኬያለሁ፣ ያንን ስትጠብቅ ግን ምርመራው እንዳይዘገይ፣ በግል ቢሆንም ይታይ። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ከሆነ ጥሩ፣ ከ100 እስከ 125 ጫፍ ላይ ነው፣ 126ና ከዛ በላይ ከሆነ ይደገማል፣ ድጋሚም እንደዛ ከሆነ ስኳር ነው። ግፊትህም ይለካ፣ ሽንትና ኩላሊትም ይታይልኝ በል፣ ወንድሜ ይረሳዋል አንተ አስታውሰው። እግርህን ለሐኪሙ ካልሲህን አውልቀህ አሳየው፣ «ትንሽ ነገር ነው» ብለህ እንዳታልፈው። እስከዛ በሙቅ ውሃና ጨው እንዳትዘፈዝፈው፣ ያቃጠለህ እንኳን ላይሰማህ ይችላል። ያን ጠባብ የቆዳ ጫማም ተወው፣ ለቀብር ነው ለእድር ነው አትበለኝ፣ በሰፊው ጫማ ብትሄድ ማንም አይታዘብህም።

ቁጥሩን ከወንድሜ አልሰማም፣ ካንተ ነው የምሰማው። ደህና ነኝ እንዳትለኝ፣ ወረቀቱን ይዘህ ስንት እንደሆነ አንብብልኝ። ቢበዛም አንብብልኝ። ስብሰባ ላይ ብሆን ወጥቼ አነሳለሁ፣ ልጆቹ ፈተና ላይ ቢሆኑም፣ እኔ ብታመምም፣ ምንም ቢሆን ደውል።

ልጅህ